«የመንግሥት ደን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጅማ ላይ በቡናና በማር ንግድ የተሰማራን ሰዎች በተገናኘን ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ፣ በጅማ ዞን የሚገኘው «በለጠ ጌራ» የተባለው ደን የመንግሥት ከሆነ ገበሬው በምን መብት ይጠቀምበታል የሚል ነው። ግራ የሚያጋባው ባለቤትነትና የመጠቀም መብት እንደ አንድ ነገር መታየታቸው ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ይለያል። በበለጠ ጌራ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተስፋፋው አሳታፊ የደን አስተዳደር የቆመው በውል ላይ ነው፤ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹም ይጠቀማል እንጂ ባለቤት አይሆንም።

ለምሳሌ የማኅበሩ አባል የሆነች አንዲት እናት ከዋንዛው ጥላ ሥር ቀይ ቀዩን ቡና ለቅማ፣ ኮረሪማም ሰብስባ ገበያ ብታወጣ መብቷ ነው። ዋንዛውን ለጣውላ መቁረጥ ወይም ቦታውን አጥሮ መሸጥ ግን አይፈቀድላትም።

ውል መፈረሙ ለጥበቃ የሚውል በጀት ያመጣል የሚለውም ስሕተት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የጥበቃው ወጪ የነዋሪው ጉልበት ነው፣ ይህም በገንዘብ ተተምኖ ሊታወቅለት ይገባል እላለሁ። ከደን ምርት ወይም ከካርቦን ሽያጭ (ደኑ አምቆ ለሚይዘው ካርቦን ከሚከፈለው ገንዘብ) የሚገኘው ድርሻ ግን ከውል ውል ስለሚለያይ፣ ከጎረቤት ቀበሌ ከመስማት ይልቅ የራስን ማኅበር የተፈረመ ሰነድ አስወጥቶ ማንበብ ይሻላል።