የወረዳ የሕዝብ ብዛት «ትንበያ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ይፋዊ የነዋሪ ብዛት በቆጠራው ላይ የውልደት፣ የሞትና የፍልሰት ግምት ታስቦ የሚገኝ ትንበያ ነው። ስሌቱ ለመላው አዲስ አበባ ሲሠራ ስሕተቱ ያን ያህል አይጎላም፤ ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን ይሰፋል። በቆጠራው ጊዜ የእርሻ ማሳ የነበረው ቦሌ አራብሳ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው፤ ዕጣ የወጣላቸው ቤተሰቦችና ተከራዮች (ብዙዎቹ የአካባቢውን መታወቂያ ሳያወጡ) ከመሀል ከተማ በአንድ ጊዜ ሲገቡ የትኛውም የውልደት ምጣኔ አያሳየውም። ስለዚህ የአንደኛ ክፍል መቀመጫም ሆነ የጤና ጣቢያ ክትባት በትንበያው ብቻ ከታቀደ ሕፃናት ያለ ቦታ ይቀራሉ፤ በእኔ እምነት ዕቅድ አውጪው ቁጥሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤት ለቤት መዝገብና ከተማሪዎች ምዝገባ ጋር ሳያመሳክር በጀት መመደብ የለበትም።