አሮጌ መኪኖችን ይዞ ወደ ሰሜን መጓዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፒያሳ ወይም በቸርችል ጎዳና አንድ በደንብ የተያዘ ቮልስ ወይም ፊያት 1100 ሲያልፍ ዞሮ የማያይ ሰው ጥቂት ነው። ባለቤቶቹ ተሰባስበው በሱሉልታና በፍቼ አድርገው ወደ ዓባይ ሸለቆ፣ ወይም በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጣርማ በር ለመጓዝ ሲያስቡ ግን ከየአቅጣጫው የሚጎርፍላቸው ምክር አብዛኛው ከእውነታው የራቀ ነው። አንዳንዱ ምክር ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራል፤ ሌላው ደግሞ፣ ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው፣ ሊፈራ የሚገባው ነገር እንዳይፈራ ያደርጋል።

«አሮጌ መኪና ያንን ዳገት አይወጣም» የሚለው ከመጀመሪያው ረድፍ ነው። የጣርማ በር መንገድና ዋሻው በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሠሩ በላያቸው የተመላለሱት መኪኖች ዛሬ አሮጌ ከምንላቸው የባሰ ደካማ ነበሩ። 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 1200 ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታና ያለ ችኮላ ይወጣዋል። ሹፌሩ ከኋላው በሚነፋ ጥሩምባ ተደናግጦ ሞተሩን ካላስጨነቀ በስተቀር ዳገት ለእነዚህ መኪኖች የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሞተሩ ከፍታ ላይ ሲደክም ተበላሽቷል ብሎ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ዕቃ) መነካካት የተለመደ ነው። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ስንደርስ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚሆን የጉልበት መቀነስ የሚጠበቅ ነው። ይልቅስ ብዙ ሰው የማያስበው ተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ለሳሳ አየር ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ካርቡራተር ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ወደሚጠጋው የዓባይ ድልድይ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበትና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ሞተሩ በጣም ሞቃት በሆነው ቦታ ላይ ይበልጥ ይግላል። እዚያው ቀትር ላይ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተንኖ መኪናው ቢቆም ባትሪው እስኪያልቅ ቁልፍ ማዞር አይጠቅምም። የቤንዚን ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ጥላ ስር መጠበቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ዳገቱን ካለፍን ቁልቁለቱ ራሱ ይወስደናል» ይባላል፤ ከሁሉም የከፋው አስተሳሰብ ይህ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁል ይወርዳል። የአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የፍሬን ሸራ በታምቡር፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም፤ ሹፌሩ ፔዳሉን ሳያነሳ ሲረግጥ ሸራው ግሎ መያዝ ያቅተዋል፣ የፍሬን ዘይቱም ያረጀና እርጥበት የጠጣ ከሆነ ፈልቶ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በብዙዎቹ ላይ የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ በመሆኑ ሲከዳ በአራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ይከዳል። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ደግሞ ነፍስን በሳንቲም እንደመሸጥ ነው። ያንን ቁልቁለት ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ መውረድ፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ለአጭር ጊዜ ይዞ መልቀቅ፣ መካከል ላይም ሰፋ ያለ ዳር ፈልጎ መቆም ያስፈልጋል። ሲቆሙ መዳፍን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ፣ ሳይነኩ፣ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው። ሦስቱ ግለው አንደኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ያኛው ጎማ ፍሬን እየያዘ አይደለም፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከጋለና የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ደግሞ ሸራው ተጣብቆበታል። በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ስለሚችል በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ይሻላል። የሸለቆው ምድር የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው ያበጠና የሰመጠ መሆኑም መታወስ አለበት፤ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን የሚመታው እዚያ ነው።

«ቮልስ ራዲያተር ስለሌለው አይግልም» የሚሉም አሉ። ውኃ የለውም እንጂ ሙቀትማ አለው። ዲናሞውንና የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው አንዱ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ነው፤ ስለዚህ እየነዱ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪ አልሞላ አለ» ብሎ እስከሚቀጥለው ከተማ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ወዲያው ማጥፋት፣ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን ማየት ነው።

በቡድን መጓዝ ሲባል ብዙዎች ተጠጋግቶ መሄድ ይመስላቸዋል። ስምንት አሮጌ መኪኖች ተጣብቀው ሲሄዱ ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመቅደም ይገደዳል፤ ኩርባ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። አንድ የጭነት መኪና በመካከል ገብቶ የሚያርፍበት ክፍተት መተው፣ ዝግተኛውን ከፊት፣ መካኒኩን ከመጨረሻ ማድረግ፣ እያንዳንዱም ሹፌር በመስተዋቱ ከኋላው ያለውን እንዲጠብቅ መስማማት ይገባል። ከኋላ ያለው ከጠፋ የፊተኛው ይቆማል፤ ሰንሰለቱ በሙሉ እንዲሁ ይቆማል።

የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ጠቅልሎ መጫንም አያስፈልግም፤ የተጨመረው ክብደት ሁሉ ቁልቁለት ላይ በፍሬን የሚያዝ ነው። ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መገናኛ)፣ ኮንደንሰር፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የፍሪሲዮን ካቦና አንድ ካላማዳሪ ይበቃሉ። እኔ ከአዲስ ፑንቲና ይልቅ በመኪናው ላይ ሠርቶ የታየውን አሮጌውን አጽድቶ መያዝን እመርጣለሁ። ጎማውን የመንገድ ዳር ጎሚስታ ይለጥፈዋል።

«ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፦ ከብት፣ እግረኛና መብራት የሌለው ጋሪ በደካማ የ6 ቮልት መብራት በጊዜ አይታዩም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ መግባት ግድ ነው።

በመጨረሻ፣ መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ክፍት ነው ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በተከተለው ግጭት ምክንያት የሰሜን መንገዶች በተለያየ ጊዜ ተዘግተዋል። የባለፈው ሳምንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም፤ በዚያው ጠዋት ከዚያ መስመር የገቡትን የአውቶቡስና የጭነት መኪና ሹፌሮች መጠየቅ፣ የሚያጠራጥር ነገር ካለም በየከተማው ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያጌጠ የአሮጌ መኪና ሰልፍ በየደረሰበት ሕዝብ እንደሚሰበስብ፣ ሳይታይ ማለፍም እንደማይችል የታወቀ ነው። መልሱ ካላስተማመነ ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት፣ መኪኖቹ ገና ጊዮርጊስ አካባቢ ቆመው ሳሉ፣ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማዘዋወር አለበት።