ዳርጂሊንግን ለመጎብኘት ሲታሰብ የሚደረጉ ስሕተቶች እና እውነታው

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በምዕራብ ቤንጋል ግዛት፣ በሂማላያ ተራሮች ትከሻ ላይ የተቀመጠችው ዳርጂሊንግ ከሻይዋ የተነሣ ስሟ በዓለም የታወቀ ከተማ ናት። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቀጥሎ ሆቴል ይፈልጋል፤ ወሩን የሚመርጠው ደግሞ የእረፍት ፈቃዱ እንደፈቀደለት ነው። ከዚህ በታች የምናነሣቸው አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚመነጩት ከዚህ የተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወራት በኢትዮጵያ፣ ዓመታቱ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ሻይ ዓመቱን ሙሉ ስለሚለቀም መቼም ቢሄዱ ያው ነው።”

ይህ ለዝቅተኛና ሞቃት አገር ሻይ ሊሠራ ይችላል፤ ለዳርጂሊንግ ግን ፈጽሞ አይሠራም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ ቁጥቋጦው በብርዱ ምክንያት ማደጉን ያቆማል፤ ገበሬውም ጊዜውን ለመግረዝ ይጠቀምበታል። በዚህ ወቅት የሚመጣ እንግዳ የሚያየው የተከረከመ ቁጥቋጦና ሥራ የፈታ ፋብሪካ ነው። ለቀማው የሚጀምረው በየካቲት አጋማሽ ገደማ ሲሆን እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የሚዘልቀው የመጀመሪያው ምርት ከሁሉም ይልቅ የሚፈለገው ነው። ሁለተኛው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ይለቀማል፤ የበሰለ ወይን የሚያስታውስ ልዩ ጠረን ያለውም እርሱ ነው። ለዚህ ጠረን አንዱ ምክንያት የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት መሆናቸው ይገርማል፤ ቁጥቋጦው ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ነገር ነው ኋላ በስኒ ውስጥ የሚሸተው። ከዚያ የዝናቡ ምርት፣ በመጨረሻም በጥቅምትና በኅዳር የሚሰበሰበው የመኸር ምርት ይከተላሉ።

ፋብሪካ ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኘ ሰው ዐይኑን ሊያሳርፍ የሚገባው በማጠውለጊያው ላይ ነው። ለቃሚዎቹ ጠዋት ከነ እንቡጡ በጣት ቆርጠው ያመጡት ሁለት ሁለት ቅጠል፣ ከሥሩ አየር በሚነፍስበት ረጅም የሽቦ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ላይ አንድ ዕፍኝ አንሥተው ቢጨብጡት እንደ ጨርቅ ይለመጥጣል እንጂ አይሰበርም፤ ሽታውም ከታጨደ ሣር ወደ ፍራፍሬ ተለውጧል። ከዚያ ይታሻል፣ አየር አግኝቶ ቀለሙን ይለውጣል፣ በመጨረሻም በሙቀት ይደርቃል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከ4 ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማየት የሚመጣ ሰው እሑድን ባይመርጥ ይሻለዋል፤ ለቃሚዎቹ የሚያርፉበት ቀን ነውና። ከከተማው በእግር የሚደረስበት፣ በ1854 የተመሠረተው ሃፒ ቫሊ የሚባለው የሻይ እርሻ ጊዜ ላጠረው ሰው ይበቃዋል።

“ሐምሌና ነሐሴ ለጉዞ ምቹ ናቸው፤ ልጆችም ትምህርት የላቸውም።”

ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቤተሰብ ይህ አሳሳች ሐሳብ ነው፤ የእነርሱም ክረምት ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማልና። ልዩነቱ ብርታቱ ላይ ነው፤ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ደመና ከተራራው ጋር ሲጋጭ ለቀናት ሳያባራ ይዘንባል፣ ገደሉ ይናዳል፣ ከሜዳው የሚወጣው መንገድም ይዘጋል። ተራሮቹ በእነዚህ ወራት ለሳምንታት አንዴም ላይታዩ ይችላሉ። ሰማዩ የሚጠራው እንደ አገራችን ሁሉ ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ለተራራ እይታ የሚመረጡትም ለዚህ ነው። ሻዩንም ተራራውንም በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሰው ጥቅምትን ቢመርጥ አይቆጭም፤ ለሻይ ብቻ የሚሄድ ግን መጋቢትን አይልቀቅ።

“ከፍታው ያሳምማል።”

የዳርጂሊንግ ከፍታ 2,045 ሜትር ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነዋሪ ወደ “ሂማላያ ወጣሁ” ሲል ከቤቱ ወርዷል ማለት ነው። በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ወገናችን ግን ይህ ልማድ ስለማይኖረው የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ ቢራመድ ይጠቅመዋል። ከፍታው ለሁሉም ቁም ነገር የሚሆነው ከኔፓል ድንበር ላይ ወዳለው ወደ 3,636 ሜትሩ ሳንዳክፉ በእግር ለመውጣት ሲታሰብ ነው።

ከከፍታው ይልቅ የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ብዙዎቹ ሆቴሎች ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም በተጨማሪ ክፍያ ነው። ጋቢ መያዝ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

“በረዶ ውስጥ እንገባለን፣ ኤቨረስትንም እናያለን።”

ከተማዋ ራሷ በረዶ የምታየው አልፎ አልፎ ነው። በረዶው ያለው በስተሰሜን 74 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚታየው በካንቼንጁንጋ ላይ ነው፤ 8,586 ሜትር የሚረዝመው ይህ ተራራ ከዓለም ሦስተኛው ነው። ሰው ሁሉ እርሱን ለማየት የሚሄደው ከከተማው 11 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ታይገር ሂል ሲሆን ጂፖቹ የሚነሡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሕንድ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አንድ የሰዓት አቆጣጠር ብቻ ስለምትጠቀም በዚህ የምሥራቅ ጥግ ፀሐይ ቀድማ ትወጣለች፣ ቀድማም ትጠልቃለች። ጉብታው ላይ ሕዝቡ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በትንሽ ስኒ ትኩስ መጠጥ እጁን እያሞቀ በጨለማው ይቆማል። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ እንደ ፍም ይቀላል፤ ከዚያ ቀይው ወደ ታች እየወረደ ወርቅማ ይሆናል፣ በመጨረሻም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኤቨረስት ጥርት ባለ ቀን በስተምዕራብ ይታያል፤ ነገር ግን እጅግ ሩቅ በመሆኑ ወደዚህ የሚቀርበው ማካሉ ከእርሱ የሚበልጥ መስሎ ይታያል፣ ብዙ ሰውም ማካሉን ፎቶ አንሥቶ ኤቨረስትን አየሁ ብሎ ይመለሳል። ለዚህ እይታ አንድ ሌሊት ብቻ መመደብ ቁማር ነው፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያስፈልጋል።

“ከሜዳው ወደ ከተማው በባቡሩ መውጣት ይሻላል።”

“መጫወቻ ባቡር” የሚል ቅጽል ያለው ይህ ባቡር ከ1879 እስከ 1881 የተሠራ፣ የሐዲዱ ስፋት 610 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም የ88 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ለመጨረስ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ጂፕ ከታች ሜዳው ላይ ካለው ከባግዶግራ አየር ማረፊያ 3 ሰዓት ያህል ነው የሚወስደው። በዚያ ላይ ሙሉውን መንገድ የሚሄደውን ባቡር የሚጎትተው በአብዛኛው ናፍጣ ነው። የእንፋሎቱን ጭስና ፉጨት የሚፈልግ ሰው ከዳርጂሊንግ እስከ ጉም ደርሶ የሚመለሰውን የ2 ሰዓት ጉዞ ቢይዝ የልቡ ይደርሳል። ጉም በ2,258 ሜትር ላይ የምትገኝ፣ በሕንድ ከሁሉም ከፍተኛዋ የባቡር ጣቢያ ናት፤ ስሟ በአማርኛ የሚሰጠው ትርጉም በአጋጣሚ እውነትም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉም ተሸፍና ነው የምትገኘው።

“እዚያ ደርሶ የሚጠጣ ሻይ ሁሉ የዳርጂሊንግ ሻይ ነው።”

በመንገድ ዳር በወተትና በዝንጅብል የሚፈላው ሻይ በአብዛኛው ከታች ከሜዳው የመጣ፣ እኛም በቤታችን የምናውቀው ዓይነት ደቃቅ ቅጠል ነው። የዳርጂሊንጉ ቅጠል ሳይፈጭ በመታሸት ብቻ የሚዘጋጅ ነው፤ የሙያው ሰዎች ይህን አሠራር “ኦርቶዶክስ” ይሉታል፣ ከሃይማኖት ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። የመጀመሪያው ምርት ሲቀዳ እንደ ማር ውኃ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ነው፤ ቅመም ያለበት ጠቆር ያለ ሻይ የለመደ ሰው “ይህ ቀጭን ነው” ብሎ ስኳር ሊጨምርበት ይቸኩላል። ቀረፋና ቅርንፉድ ከገቡበት የተከፈለበት መዓዛ ሁሉ ይጠፋል። ፈልቶ ጥቂት የበረደ ውኃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ያለ ምንም ነገር መጠጣት ነው።

ስጦታ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ስሙ ሕጋዊ ጥበቃ እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። የዳርጂሊንግ ሻይ በሕንድ የመልክዓ ምድር መለያ መብት ያገኘ የመጀመሪያው ምርት ሲሆን በስሙ ለመጠቀም የተፈቀደላቸው 87 የሻይ እርሻዎች ናቸው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የእርሻው ስም፣ የምርቱ ወቅትና ዓመቱ መጻፋቸውን ይመልከቱ፤ “ዳርጂሊንግ” የሚል ቃል ብቻ ያለበትን ይተዉት።

“ጸጥ ያለች የገጠር መንደር ናት።”

በ2011 ቆጠራ ከ118,000 በላይ ሰው የሚኖርባት፣ ጠባብ ጎዳናዎቿ በጂፕ የተጨናነቁ፣ በበጋ ደግሞ ውኃ በቦቴ የሚታደልባት ከተማ ናት። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው በሻይ እርሻዎቹ ውስጥ ባሉ ማረፊያዎች ቢያድር ይሻለዋል። ነዋሪው በብዛት የሚናገረው ሂንዲ ወይም ቤንጋሊ ሳይሆን ኔፓልኛ ነው፤ ሾፌሩን “ዳጁ”፣ ባለ ሱቋን “ዲዲ” ብሎ መጥራት እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ነው፣ ፊትም ያበራል።

“ቪዛ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው።”

ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ሕንድ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ካርድ የሌለው ሰው ለቀናት በማግለያ ሊቆይ ይችላል፣ ይህም ሙሉ ጉዞውን ያበላሻል። ለዳርጂሊንግ ራሷ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከዚያ ወደ ጎረቤት ሲኪም ለመሻገር የሚያስብ የውጭ አገር ዜጋ ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት፣ ስለዚህ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ ከጥቂት ጉርድ ፎቶዎች ጋር ከቤቱ ይዞ ቢነሣ መልካም ነው።