«የመጨረሻው ኪሎ ሜትር» ምንድን ነው?

ከመሀል አዲስ አበባ ተነስቶ አያት የደረሰ ተሳፋሪ አብዛኛውን መንገድ ጨርሷል። ቤቱ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ግን ገና ሌላ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ከዋናው መስመር ከወረደበት እስከ ደጃፉ የቀረችው ያቺ መንገድ በትራንስፖርት ባለሙያዎች ዘንድ «የመጨረሻው ኪሎ ሜትር» ትባላለች። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትርም ሆነ አራት ለውጥ የለውም። ብዙ ሰው በአንድነት የሚያጓጉዘው አውቶቡስ ወይም ባቡር አብቅቶ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን መላ የሚፈልግባት ክፍል ናት። ለዕቃም እንዲሁ ነው፤ ከመርካቶ የተጫነው ፍሪጅ ሰፈር ከገባ በኋላ እስከ ገዢው በር ያለው ጉዞ ማለት ነው።

አጭር ሆና ሳለ ውድ የምትሆነው የሚካፈላት ሰው ስለሌለ ነው። አውቶቡስ የነዳጁንና የሹፌሩን ወጪ ለብዙ ተሳፋሪ ያከፋፍላል። ባጃጅ ግን ከኋላ ሦስት ሰው ብቻ ይጭናል፤ ማታ ደግሞ ባዶውን ስለሚመለስ የመልሱም ሒሳብ እዚያው ታሪፉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዳር የሚኖር ሰው በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍለው ገዛ ሰፈሩ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ባጃጅ በከተማዋ ለጊዜው በታገደበት ሰሞን ብዙ ሰው በእግሩ ሲኳትን የታየውም ለዚህ ነው። ባጃጁ ትንሽ ቢመስልም የሰፈሩ እግር እሱ ነበር።

ችግሩ የመጣው ቤቱና መንገዱ አብረው ስላልታሰቡ ነው ብዬ አምናለሁ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በምሥራቅ አያት ላይ፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከቃሊቲ ወዲያ ናቸው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ተቀብሎ ሲገባ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ገና ጭቃ የነበረባቸው ሳይቶች ጥቂት አይደሉም። ክረምት ላይ በቦቲ ወጥቶ፣ ጫማውን በፌስታል ይዞ፣ ፌርማታ ሲደርስ የሚቀይር ሠራተኛ ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም።

በዕቃ በኩል ትልቁ አባካኝ አድራሻ ነው። ዕቃ አድራሹ ይደውላል፤ «ብሎክ ስንት ነው?» ይላል። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ደውል» ይባላል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ስልኩ አይነሳም። ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቃል፣ ይዞራል፣ አንዳንዴም ዕቃውን ይዞ ተመልሶ ነገ እንደገና ይመጣል። ነዳጁም ጭሱም እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቀላሉ መፍትሔ የመረከቢያ ቦታ ነው፦ ሳይቱ መግቢያ ላይ ያለ የታመነ ሱቅ የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ጊዜ ይረከባል፣ ነዋሪው ከሥራ ሲመለስ በእግረ መንገዱ ይወስዳል። መኪናው ሠላሳ በር በማንኳኳት ፈንታ አንድ ቦታ አራግፎ ይሄዳል። ሶፋና ቁም ሣጥን ግን በዚህ አይፈታም፤ የጫኝና አውራጅ ጣጣ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነው። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ኃይላችንም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ እዚህ በኤሌክትሪክ መሄድ በእርግጥም ንጹሕ ነው። ጥያቄው አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሹፌር ባጃጁን የት ሰክቶ ያድራል የሚለው ነው። ለዚህ የጋራ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆጣሪ ያለው መሰኪያ ያስፈልጋል። የሳይቱ ማኅበርና መብራት ኃይል ከተስማሙ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉም በፊት መምጣት ያለበት ግን የእግር መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ የመጨረሻዋም መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነች ለጤነኛ ሰው የሩብ ሰዓት መንገድ ናት። ሰው የሚሸሸው ርቀቱን ሳይሆን ጨለማውን፣ ክፍት ቱቦውንና ውሻውን ነው። በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ የተሠራው ዓይነት ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ከፌርማታው እስከ ብሎኮቹ ቢዘረጋ፣ ብዙ ሰው የባጃጅ ሒሳቡን ኪሱ ያስቀረዋል፤ ባጃጁም ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሸክም ለያዙ ይተርፋል።