የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል ምንድን ነው?

መምህሩ በቴክኖሎጂ ስለማስተማር ሥልጠና ወሰደ፤ ሰርተፍኬትም ያዘ። ሰኞ ክፍል ሲገባ ግን ያው ማርከሩን አንሥቶ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመረ። ስንፍና ነው? ዕድሜው ገፍቶ ነው?

ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ደጋግመው የሚያነሡት የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴልን ነው። የሚታወቀው አሜሪካዊው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው አዲስ መሣሪያ ሲቀርብለት ሁለት ነገር ያሰላል፦ ሥራዬን ያቃናልኛል? ለመልመድስ ያለፋኛል? ልብ በሉ፣ ወሳኙ መሣሪያው ሳይሆን ሰውዬው ስለ መሣሪያው ያለው ግምት ነው።

ዴቪስ ያጠናው መምህራንን አልነበረም፤ የኢሜይልና የመሳሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ተጠቃሚዎችን ነው። ግኝቱ ግን መምህራንም ዘንድ ይሠራል። ጥቅም ከቅለት ይበልጣል። የሚያስፈልገው ከሆነ ሰው ተቸግሮም ይለምደዋል። ካላስፈለገው የቱንም ያህል ቢቀል ዞር ብሎ አያየውም።

ባሕር ዳር ላይ ለዚህ ምስክሩ ቴሌግራም ነው። ፔዳም ግቡ ፖሊ (ሁለቱም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው)፣ የቴሌግራም ግሩፕ የሌለው ክፍል ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ሥልጠና የወሰደ መምህር ያለ አይመስለኝም። ሃንድአውቱ ለሁሉም በአንዴ ይደርሳል፤ ክላስ ሲሰረዝ ሬፑ፣ ማለትም የክፍሉ ተወካይ፣ ይለጥፈዋል። በቃ። ሙድል ደግሞ ለማስተማር ተብሎ የተሠራ የኦንላይን ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ፤ በነጻ ይገኛል፤ የምርጫ ፈተና ያርማል፤ ማን አሳይመንት እንዳስገባ ይመዘግባል። ግን ኮርስን እዚያ ላይ ማደራጀት ብዙ ሰዓት ይበላል። ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ምርምር በሚቆጠርበት ቤት ያንን ሰዓት ማን ይሰጣል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ቬንካቴሽ፣ ዴቪስና ባልደረቦቻቸው ይህን ሞዴል ከሌሎች ጋር አዋሕደው ሁለት ነገር አከሉበት፦ የአለቃና የባልደረባ ግፊት፣ እንዲሁም ምቹ ሁኔታ። ለእኛ ከተማ ሚዛን የሚደፋው ምቹ ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መምህሩ ስላይዱን በፍላሽ ይዞ የሚዞረው ወዶ አይደለም። «ቴክኖሎጂ ይፈራል» ብሎ መጠይቅ ላይ ማስፈር፣ መብራት በጠፋበት ቤት «ለምን አምፖል አታበራም?» እንደማለት ነው።

ሞዴሉም ጉድለት አያጣውም። የሚነግረን መምህሩ መሣሪያውን ለምን እንደተጠቀመ ወይም እንዳልተጠቀመ ነው፤ እንዴት እንዳስተማረበት አይጠይቅም። አንዱ መምህር ድሮ ከደብተር ያስጽፍ የነበረውን ኖት አሁን ከፓወርፖይንት ላይ ያነባል። ሌላው አጭር ቪዲዮ ቀድሞ ይልክና የክፍሉን ሰዓት ለክርክር ይተዋል። ሞዴሉ ሁለቱንም «ተጠቃሚ» ብሎ ይቆጥራቸዋል።