የግል ማስታወሻ በጎጃም፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የግል ማስታወሻ ሰው የዋለበትን፣ ያየውንና ያሰበውን ቀን እየጠቀሰ ለራሱ የሚጽፈው ነው። ከተሜው «ዲያሪ» ይለዋል። ስለ ጎጃም ቅኔና ገዳማት ብዙ ተጽፏል። የጎጃም ሰው ለራሱ ስለሚጽፈው ግን እምብዛም አይወራም።

ነገሩ መጀመሪያ ግር ይላል። የጎጃም የትምህርት ቦታዎቹ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል የማያውቅ የአብነት ተማሪ የለም። ይህን ሁሉ ሊቅ ያፈራ አገር በዕለት ማስታወሻ መጥለቅለቅ አልነበረበትም? መልሱ ያለው እዚያው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ደብተር አይዝም። ቁራሹን ለምኖ ይመለስና ዛፍ ሥር ወይም ጎጆው ውስጥ ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ይደርሳል ማለት ነው። የኔታ ፊት በቃሉ ያቀርባል። የኔታም በቃል ያርሙታል። አንዴ የተባለ ቅኔ በነጋታው አይደገምም፤ አዲስ ይቆጠራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ቅኔ ቤትም ያውቀዋል። ግን ግድ የለውም።

ብራናውም ውድ ነበር። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ነው ገጽ የሚሆነው። ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል አዘጋጅቶ ለወራት ማቆየት ይጠይቃል። ከዚያ መቃው ለብዕር ይቀረጻል። ይህን ሁሉ ደክሞ «ዛሬ ከፍቶኛል» ብሎ የሚጽፍ ማን ነው?

ስለዚህ ማስታወሻ የገባው በሌላ መጽሐፍ ኅዳግ በኩል ነው። በትልልቆቹ አድባራት ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የርስት ስጦታ፣ ውልና ምስክር ይጻፍ ነበር። በየቤቱ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው የጸሎት መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነው። ልደት፣ ሞት፣ ብድር፣ አንዳንዴም ያልታሰበ በረዶ ባዶው ቅጠል ላይ ይሰፍራል።

ብቸና አካባቢ ያለው የአያቴ ዳዊት ለዚህ ምስክር ነው። መጨረሻው ቅጠል ላይ በሦስት ዓይነት ቀለም የተጻፉ አምስት መስመሮች አሉ። አንዱ የአክስቴ ልደት ነው፦ «ተወልደት አመ ፲ወ፪ ለሚያዝያ በዘመነ ሉቃስ»፤ ሚያዝያ 12 በዘመነ ሉቃስ ተወለደች ማለት ነው። ቀኑ አለ፣ ወሩ አለ፣ ወንጌላዊው አለ። ዓመቱ የለም። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ በየ4 ዓመቱ ይመለሳል። 1935 ነው ወይስ 1939? አያቴ «ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት» ይሉ ነበር። ጣሊያን ከጎጃም የወጣው በ1933 ስለሆነ 1935 መሆኑ አያጠራጥርም። አክስቴ ግን 1939 ነው ባይ ናት፤ መታወቂያዋም እንደዚያው ይላል። ማን ማርጀት ይወዳል!

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጎጃም ጽሕፈት ሌላ ደረጃ ደረሰ። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። በቤታቸው ካደጉት አንዱ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። ትውልዳቸው ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ወገን ነው። ሠዓሊም ጸሐፊም ነበሩ። የጎጃምን ታሪክና ትውልድ ጽፈው ባያቆዩልን ብዙው ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር። ሥራቸው ታሪክ እንጂ ማስታወሻ አይደለም የሚል ይኖራል። ምናልባት ልክ ነው። ቢሆንም በቅርብ ያየና የሰማ ሰው ድምፅ አለበት።

ቀን በቀን መጻፍ ግን ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች ሥራ ሆኖ ቆየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ደርሶ የዓባይን ምንጭ አየሁ አለ። የመጀመሪያው ነኝም አለ። የካቶሊክ ሚስዮናዊው ጀዝዊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞታል። የሰከላ እረኛ ደግሞ ሁለቱንም ቀድሟል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የጁቤ ተቀምጦ ስለ ባሶ ገበያ ጽፏል።

ከሁሉም የሚበልጠው ሜጀር ቺስማን ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። ቢሮው ተቀምጦ ደመወዙን መብላት ይችል ነበር። እሱ ግን በበቅሎና በእግሩ የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ካርታ አነሳ፣ የጣና ደሴቶችን አንድ በአንድ ዞረ፣ ያየውን ወፍና ያደረበትን መንደር ጻፈ። መጽሐፉ በ1936 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያለ ማስታወሻ ደብተር እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይታሰብም። የዛሬ ዘጠና ዓመቷን ዳንግላ ማየት የሚፈልግ አሁንም ወደ እሱ ይሄዳል። ይህ ለእኛ ትንሽ ያሳፍራል።

የእኛዎቹ የጻፉት ዘግይተው ነው። ከ1924 ጀምሮ ጎጃምን ያስተዳደሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የሕይወት ታሪካቸውን «ካየሁት ከማስታውሰው» ብለውታል። ርእሱ ሐቀኛ ነው፤ የማላስታውሰውም አለ ማለት ነው። የጎጃሙ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁም ከእሳቸው ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ለዓመታት ታስረዋል። ያንን ዘመን «ትዝታ» ብለው የጻፉት በስተርጅና ነው።

በደርግ ጊዜ፣ በተለይ በቀይ ሽብር፣ ማስታወሻ መዘዝ ነበር፤ ብዙ ሰው ወረቀቱን አቃጥሏል። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ገበሬው ቤት ደብተርና እርሳስ አስገባ።

ወደ ጥቅሙ ስንመጣ፣ ጎጃም ውስጥ የልብ ጉዳይ ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ሆድ ይፍጀው» ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔነቤከር ከባልደረባው ጋር ሆኖ ያሳተመው ጥናት የነካው ይህንኑ ነው። ቴክሳስ ውስጥ 46 ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ከነስሜታቸው የጻፉት፣ በቀጣዮቹ 6 ወራት ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። ጽፈው እንደጨረሱ ግን የባሰ ከፍቷቸው ነበር። ይህን የጽሑፍ አወዳሾች ይዘሉታል። በኋላ 146 ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ትንተና ጥቅሙ አለ፣ ግን ትንሽ ነው ብሏል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 57 ሰዎችን አስተኝቶ ነበር። ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ የነገ ሥራቸውን የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እኔ ከዚህ ይልቅ የማምነው የዕድር ጸሐፊዎችን ነው። ማን ምን እንዳዋጣ፣ ማን ቀብር እንደቀረ በቀን የሚጽፍ ሰው ቂም አይይዝም ይባላል። ሁልጊዜ እውነት አይመስለኝም። ቢያንስ ግን ነገር ሲነሳ የሚያነበው አለው። ማስታወሻ የሚይዝ ገበሬም ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቷል ሲባል አምና መቼ እንደገባ ገልጦ ያያል።

ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዳዊት ባለፈው ፋሲካ አወረድነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ ተወልዳ ነበር። ብዕርም ቀለምም ስላልነበረ በቢክ እስክሪብቶ ጻፍን፤ ብራናው ቅባት ስላለው ሁለቴ መደጋገም ነበረብን። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ዓመቱን ጻፋችሁት?» አለች። ጽፈነዋል። ከዚያ የራሷን መስመር በጣቷ ፈልጋ አገኘችና ሳታስነካን ዳዊቱን ዘጋችው።