ፈንጂ ማምከን፦ መሬትን ከጥርጣሬ የማውጣት ሥራ

«ፈንጂ ወረዳ» የሚለው አባባል በዕለት ተዕለት ንግግር ነካክተው በሰላም የማይወጡበት ጉዳይ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በቁሙ ግን ፈንጂ የተቀበረበት፣ ወይም ሳይቀበርበት አልቀረም ተብሎ የሚጠረጠር መሬት ማለት ነው። ከሁለቱ የሚበዛው ሁለተኛው ነው። ጦርነት ካለፈ በኋላ ሳይታረስ፣ ከብት ሳይሰማራበት፣ ቤት ሳይሠራበት ከሚከርመው መሬት ብዙው ሲጣራ አንድም ፈንጂ አይገኝበትም። አንዲት ላም ፈንጂ ረግጣ ብትሞት ግን አካባቢው በሙሉ ሰው አልባ ይሆናል፤ ማን ደፍሮ ይገባል? ፈንጂ ማምከንን ፈንጂ ማውጣት ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው የሥራው ግማሽ ያመልጠዋል። ሌላው ግማሽ ፈንጂ የሌለበትን መሬት «የለበትም» ብሎ በማስረጃ መፈረም ነው።

የሚቀበረውና የሚቀረው

ፀረ-ሰው ፈንጂ ጥቂት ኪሎ ጫና ሲያርፍበት ይፈነዳል፤ የሕፃን ልጅ እርምጃም ይበቃዋል። አንዳንዱ ከእግር ሥር ፈንድቶ እግር የሚቆርጥ ነው። ሌላው ደግሞ ከቀጭን ሽቦ ጋር ተያይዞ ሽቦው ሲጠለፍ ከመሬት ይዘልና ወገብ ያህል ከፍታ ላይ ፈንድቶ ዙሪያውን በብረት ፍንጣሪ ይመታል። በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ፒኤምኤን ከ200 ግራም በላይ ቲኤንቲ የተባለ የሚፈነዳ ቅመም ሲይዝ፣ የአሜሪካው ኤም14 የያዘው ቅመም ግን 30 ግራም አይሞላም፤ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ፀረ-ተሽከርካሪ ፈንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ይፈልጋል። ለዚህ ነው እግረኛ ለወራት ሲመላለስበት የኖረ መንገድ አንድ ቀን የጭነት መኪና ሲያልፍበት የሚፈነዳው። ሰው ሄደበት ማለት መንገዱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

የክብደት ነገር ከተነሳ የፎክላንድ ደሴቶች ፔንግዊኖች ሊረሱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1982ቱ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የብሪታንያና የአርጀንቲና ጦርነት በተቀበሩት ፈንጂዎች መሀል ፔንግዊኖቹ ለአሥርት ዓመታት ያለ ጭንቀት ተራብተዋል፤ እነሱ ለፈንጂው ቀላል ናቸው፣ ሰው ደግሞ አይደርስባቸውም። ደሴቶቹ ከፈንጂ ነጻ የተባሉት በ2020 ሲሆን፣ ሥራውን በአብዛኛው የሠሩት በአገራቸው ፈንጂ ሲያመክኑ የኖሩ ዚምባብዌያውያን ነበሩ።

አደጋው በተቀበረው ፈንጂ አያበቃም። የተተኮሰ ሳይፈነዳ የቀረ የመድፍና የሞርታር ጥይት፣ የተጣለ የእጅ ቦምብ፣ ከሁሉም በላይ የክላስተር ቦምብ፣ ማለትም አየር ላይ ተከፍቶ ብዙ ትንንሽ ቦምቦች የሚበትን ቦምብ፣ ፍልፍሎች አሉ። ላኦስ ላይ ከ1964 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ከ270 ሚሊዮን የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቦምቦች እንደተጣሉና ሲሶው ገደማ ሳይፈነዳ እንደቀረ ይገመታል። ብዙዎቹ ድቡልቡል ስለሆኑ ልጅ ሲያያቸው ኳስ ይመስሉታል። ኮሎምቢያ ውስጥ ደግሞ ታጣቂዎች ፈንጂ የሚሠሩት ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከመርፌ ስሪንጅ ነበር፤ ብረታቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ብረት መመርመሪያውም እምብዛም አይሰማቸውም።

በዓለም ዙሪያ በ2023 ብቻ በፈንጂና በጦርነት ቅሪት የሞቱና የቆሰሉ ሰዎች ተብለው የተመዘገቡት 5,757 ናቸው። ከመቶ 84ቱ ሲቪሎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከታወቀው ሲቪሎች ውስጥ ደግሞ ከሲሶ በላይ ሕፃናት።

መጀመሪያ ጥያቄ

የዳሰሳ ቡድን ወደ አንድ መንደር ሲገባ ይዞ የሚሄደው ካርታና ማስታወሻ ደብተር ነው። ጦሩ የሰፈረው የት ነበር? ምሽጉ ወዴት ይዞር ነበር? ከብት የሞተው የቱ ጋ ነው? በፊት ይሄዱበት የነበረ፣ አሁን ግን የተዉት መንገድ አለ? ባለሙያዎቹ ይህን «ቴክኒካዊ ያልሆነ ዳሰሳ» ይሉታል። ስሙ ዝቅ ያለ ይምሰል እንጂ ከጠቅላላው ሥራ ብዙ መሬት የሚያስመልሰው ይህ ይመስለኛል።

ማንን መጠየቅ የሚለው ራሱ ሙያ ነው። የመንደሩን ሽማግሌዎች ብቻ ያነጋገረ ቡድን ግማሽ ካርታ ይዞ ይመለሳል። ውኃና እንጨት የሚያመጡ ሴቶች ወንዶቹ የማያውቁትን መንገድ ያውቃሉ። እረኛ ልጅ ደግሞ «እዚያ ዛፍ ሥር አረንጓዴ ቆርቆሮ አለ» ብሎ አዋቂው ያላየውን በጣቱ ያሳያል። የቀበረው ወታደር በሕይወት ተገኝቶ ሲናገር ትልቅ ዕድል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞቷል፣ ወይ ርቆ ሄዷል፣ ወይ ከጥፋተኝነት ለመሸሽ ዝም ይላል። የጦር ሠራዊት የአቀባበር መዝገብ ቢገኝ እንኳ መሬቱ እንደ መዝገቡ ላይቆይ ይችላል። በ2014 ቦስኒያን ያጥለቀለቀው ጎርፍና የመሬት ናዳ ፈንጂዎችንም የማስጠንቀቂያ ምልክቶችንም ከነበሩበት ጠራርጎ ወስዷቸዋል።

የተሰበሰበው ወሬ ካርታ ላይ ሲሰፍር መሬቱ በሁለት ይመደባል፤ ማስረጃው ቀጥተኛ ያልሆነ «ተጠርጣሪ»፣ ማስረጃው ቀጥተኛ የሆነ «የተረጋገጠ» ይባላል። ቀጥሎ ቡድኑ በመሣሪያ ገባ ብሎ ይፈትሻል፤ የፈንጂው መስመር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሲታወቅ ከመስመሩ ውጭ ያለው መሬት ይለቀቃል። ካሬ በካሬ የሚጸዳው የቀረው ብቻ ነው። በ1990ዎቹ «በዓለም ላይ 110 ሚሊዮን ፈንጂ ተቀብሯል» የሚል ቁጥር በየመድረኩ ይነገር ነበር፤ ሰውን ቀሰቀሰ፣ ግን ለሥራው ብዙም አልረባም። ዛሬ ዋናው መለኪያ ካሬ ሜትር ነው፤ መለኪያው ሲለወጥ ሥራውም ማለቂያ ያለው መሆኑ ታየ። ሞዛምቢክ በ2015 ጨርሳለች።

አንድ ሜትር ስፋት

አምካኙ የሚሠራው አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቀጭን መስመር ውስጥ ነው። ከፊቱ ቀለም የተቀባ ዘንግ ያጋድማል፤ ከዘንጉ ወዲህ የጸዳ ነው፣ ከዘንጉ ወዲያ አይረገጥም። መጀመሪያ የተወጠረ ሽቦ እንዳለ በዓይንና በቀጭን እንጨት ይፈትሻል። ከዚያ ሣሩን በመቀስ ጥቂት በጥቂት ይቆርጣል፤ ቆርጦም አይጥለውም፣ በእጁ ያነሳዋል። ብረት መመርመሪያውን በዝግታ ያዞራል። ጮኸ። ጩኸቱ የመጣበትን ነጥብ ምልክት ያደርግና መቆፈር የሚጀምረው ነጥቡ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው፤ አፈሩን በመጠቆሚያና በትንሽ አካፋ እየላጠ በጎን በኩል ይቀርባል፤ ፈንጂው የሚፈነዳው ከላይ ሲጫኑት ስለሆነ በጎኑ መንካቱ ይሻላል። ከ10 ደቂቃ ድካም በኋላ የሚወጣው ሚስማር ነው። ቀጥሎ የጥይት ቀለህ። ቀጥሎ የቆርቆሮ ቁራጭ። አንድ ፈንጂ እስኪገኝ በመቶ የሚቆጠር እንዲህ ያለ ውዳቂ ብረት ይለቀማል፤ እያንዳንዱም ልክ እንደ ፈንጂ ተፈርቶ ነው የሚቆፈረው። ሰው የሚጎዳው መቶኛውን ሚስማር ካወጣ በኋላ መቶ አንደኛውንም ሚስማር ነው ብሎ ሲያስብ ነው።

የሚቀጥለው ባልደረባ ብዙ ጊዜ 25 ሜትር ያህል ይርቃል፤ አንዱ ቢሳሳት ሁለት ሰው እንዳይጎዳ። በወፍራም የፊት መከላከያና በከባድ ጥሩር ውስጥ ሙቀቱ ስለማይቻል ዕረፍቱ በሰዓት የተቆጠረ ነው። ፈንጂ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም፤ ከጎኑ ማፈንጃ ይቀመጥና አካባቢው ከሰው ጸድቶ እዚያው ይፈነዳል። እንዲህ እየተሠራ አንድ ሰው በቀን የሚያጸዳው እንደ መሬቱ ሁኔታ ከ10 እስከ 50 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

ሥራውን ለማፋጠን አፈሩን በሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ማሽኖችና የፈንጂ ሽታ የሚለዩ ውሾች አሉ። ታንዛኒያ ውስጥ የሚሠለጥኑት ግዙፍ የአፍሪካ አይጦችም ዝነኞች ናቸው። አይጥ ውዳቂ ብረት አያታልለውም፤ የሚፈልገው የቲኤንቲውን ሽታ ነው፤ ክብደቱም ፈንጂ አያስነሳም። ማጋዋ የተባለው አይጥ በሥራ ዘመኑ ካምቦዲያ ውስጥ ከ70 በላይ ፈንጂ አግኝቷል፤ በ2020ም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ይህም ሆኖ አይጡ ጠቁሞ ይሄዳል፤ የሚያወጣው ሰው ነው። አንጎላ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ሴቶች ብቻ ያሉባቸው የአምካኝ ቡድኖች ሠልጥነው ተሰማርተዋል፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋሚ ደመወዛቸው ይኸው ነው።

እስኪጸዳ ድረስ

ተፈናቃይ አምካኝ አይጠብቅም። ሰላም ወረደ ሲባል በሳምንት ውስጥ ጓዙን ጭኖ ቀዬው ይገባል፤ ጽዳቱ ግን ዓመታት ይፈጃል። በመሀሉ ያለውን ጊዜ የሚይዙት ምልክትና ትምህርት ናቸው። የራስ ቅል ያለበት ቀይ ሰሌዳ ይተከላል፤ ወይም ድንጋይ ይቀባል፤ ቀዩ ጎን ወደ አደጋው፣ ነጩ ወደ ጸዳው። ድንጋዩ አንድ ብልጫ አለው፦ ሰሌዳውን ለቆርቆሮው፣ ምሰሶውን ለማገዶ የሚነቅል ሰው አይጠፋም፣ የተቀባ ድንጋይ ግን ማንም አይፈልገውም።

ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት አጭር ነው፤ አትንካ፣ በመጣህበት እግርህ ተመለስ፣ ለአዋቂ ተናገር። አዋቂዎች ላይ ግን ትምህርት ብቻውን የሚያሸንፈው ነገር ትንሽ ነው። ወደ ፈንጂ ወረዳ ከሚገቡት ብዙዎቹ አደጋውን አሳምረው ያውቃሉ፤ የሚገቡት ውኃው፣ ማገዶው ወይም የሚሸጠው ውዳቂ ብረት እዚያ ስላለ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከሰሌዳ ይልቅ በዚህኛው በኩል የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ይጠቅመዋል። የቱ መሬት ቀድሞ ይጽዳ የሚለው ክርክርም ከዚሁ ይነሳል፤ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማሉ።

የተጎዳው ሰው ጉዳይ ደግሞ ፈንጂው በመውጣቱ አይዘጋም። ሰው ሠራሽ እግር ለአዋቂ በየሦስትና አምስት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን በየስድስት ወሩ ገደማ። የስምንት ዓመት ልጅ አድጎ እስኪጨርስ ስንት እግር ያስፈልገዋል? የዕርዳታ ገንዘብ የሚያጥረው ግን ቀድሞ እዚህ ላይ ነው።

ሕጉና ርክክቡ

ፀረ-ሰው ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት በታኅሣሥ 1997 ተፈርሞ በመጋቢት 1999 ሥራ ላይ ውሏል። ከ160 በላይ አገሮች ገብተውበታል፤ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ቻይናና ህንድ የሉበትም። ፈራሚ አገር ክምችቱን በ4 ዓመት ማስወገድ፣ መሬቱን በ10 ዓመት ማጽዳት አለበት፤ የጽዳቱን ቀነ ገደብ ማስረዘም ስለሚፈቀድ ብዙዎች አስረዝመዋል። በ2025 ኤስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊትዌኒያ፣ ፊንላንድና ፖላንድ የሩሲያን ሥጋት ጠቅሰው ከስምምነቱ እንደሚወጡ አሳውቀዋል፤ ይህ ለሥራው የመጣ ከባድ ምት ነው።

የጸዳ መሬት በሌላ መርማሪ ተፈትሾ በሰነድ ለባለቤቶቹ ይሰጣል። ገበሬ ግን ወረቀት አይቶ አያርስም፤ አምካኞቹ ራሳቸው ከዳር እስከ ዳር ሲረግጡት ማየት ይፈልጋል። ለዚህም በርክክቡ ዕለት ሜዳው ላይ የሚሄዱ፣ አልፎ ተርፎም ኳስ የሚጫወቱበት ቡድኖች አሉ።

«ተጠናቀቀ» ከተባለ በኋላም ጥቂት ነገር በየጊዜው ይወጣል፤ ስለዚህ የሚደወልለት የመንግሥት ክፍል ሊኖር ይገባል። ቤልጂየም ውስጥ በኢፕር ከተማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች የአንደኛው የዓለም ጦርነት ከቆመ ከመቶ ዓመት በኋላም ሲያርሱ የመድፍ ጥይት ያወጣሉ። ከማሳው ዳር ያኖሩትና ይደውላሉ (ማንሳቱ የልማድ ነገር እንጂ ለማንም የሚመከር አይደለም)። የሠራዊቱ ቦምብ አስወጋጆች በመኪና እየዞሩ ይለቅሙታል።